አተላን አድርቆ ማስቀመጥ፦ ከጅማ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 22

የሥራው ዓላማ ይኼ ነው፦ በበዓል ሰሞን የሚትረፈረፈውን አተላ አድርቄ ማስቀመጥ፣ በሚጠፋበት ጊዜ ላሞቼን በእሱ መደጎም። አተላ ሲመጣ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ትናንት ኅዳር ጽዮን ነበረች። ዛሬ በየጠላ ቤቱ ደጃፍ አተላ በባልዲ ተደርድሯል። ላም ያለው የቻለውን ያህል ይወስዳል። የተረፈው ቦይ ውስጥ ይደፋል፣ ከቦዩ ወደ አዌቱ ወንዝ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለሚፈልገው ሰው ደግሞ አንድ ባልዲ ለማግኘት ደጅ መጥናት ነው።

የፉርሽካና የፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ የቅባት እህል የሚተርፈው) ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ ባለበት ከተማ እጃችን ላይ ያለ መኖ ሲደፋ ማየት ያበሳጨኛል። አተላ ቆሻሻ አይደለም። ጠላም ሆነ አረቄ ሲጠመቅ እርሾው የሚበላው በዋናነት ከእህሉ ስታርች የወጣውን ስኳር ነው። ፕሮቲኑ፣ ቅባቱ፣ አሰሩና ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። እርሾውም ሥራውን ጨርሶ እዚያው ይተኛል፤ እሱም ራሱ ፕሮቲንና ቢ ቫይታሚን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከበቆሎ ኢታኖል የሚያወጡት ፋብሪካዎች ሒሳቡን በቀላሉ ያስቀምጡታል። ከእህሉ አንድ ሦስተኛ ገደማ አልኮል ይሆናል። አንድ ሦስተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። አንድ ሦስተኛው መኖ ሆኖ ይተርፋል። ስታርቹ ስለወጣ፣ በተረፈው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከመጀመሪያው እህል ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። እነሱ ያንን ተረፈ ምርት በሚሽከረከር ትልቅ ማድረቂያ አድርቀው ባሕር ተሻግረው ይሸጡታል። የእኛም አተላ የዚያው ዘመድ ነው። የጎደለን ማድረቂያው ነው።

ኅዳር 25

ከሁለት ቦታ አተላ አመጣሁ። አንዱ የጠላ፣ ሌላው የአረቄ ነው። ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ልዩነታቸው ፍንትው ብሎ ታየኝ።

የጠላው አተላ ገና ሥራ ላይ ነው። እርሾው ሕያው ነው፣ ትንሽ አልኮልም አለበት። ባልዲው ውስጥ አረፋ እያወጣ ይንተከተካል። የጌሾ ቅጠልና ስንጣሪ እንጨት በብዛት አለው። የአረቄው ግን ድፍድፉ እሳት ላይ ቆይቶ፣ አልኮሉ በእንፋሎት ወጥቶ የቀረ ነው። እርሾው በሙቀቱ ሞቷል። ትኩሱን በንጹሕ ዕቃ ከተቀበሉት ከሌላው ይልቅ ቀን ይሰጣል። ስለዚህ ለማድረቅ የአረቄውን መርጫለሁ። የጠላው ለዕለት ለዕለት ይሁን።

ሁለቱም ግን አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። የእኛ ጠማቂዎች እህሉን ፈጭተው፣ አሻሮውን ቆልተው፣ እንኩሮ አድርገው ነው የሚደፈድፉት። ስለዚህ የሚተርፈው እንደ ጭቃ የላመ ነገር ነው። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት እንዲህ አይደለም። ቢራ ጠማቂዎች የገብሱን ብቅል የሚከኩት ገለባው ሙሉውን እንዲቀር አድርገው ነው። ያ ገለባ ራሱ ማጥለያ ይሆናቸዋል፤ ውኃው በመሐሉ ይወርዳል። የእኛ አተላ ግን ውኃውን አቅፎ ይይዛል።

«ለምን ከበደሌ ቢራ ፋብሪካ አታስመጪም?» ያለኝ ሰው አለ። በደሌ ከጅማ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እርጥቡን ማስጫን ማለት ለውኃ የነዳጅ ዋጋ መክፈል ነው። ደግሞም እዚሁ ሰፈሬ ውስጥ የሚደፋውን አልፌ በደሌ ድረስ የምሄድበት ምክንያት አይታየኝም።

ኅዳር 27

ዛሬ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ዋልኩ። ሒሳቡን እዚህ ማስፈር ያስፈልጋል፤ ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው።

ከ100 ኪሎ እርጥብ አተላ 80 ኪሎው ውኃ ነው እንበል። ደረቁ ነገር 20 ኪሎ ብቻ ነው። ሳይበላሽ እንዲቀመጥ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ መውረድ አለበት። ያኔ ክብደቱ 23 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 77 ኪሎ ውኃ መውጣት አለበት።

ውኃን ማትነን ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2,260 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ እስኪፈላ ድረስ ከሚወስደው ሙቀት ሰባት እጥፍ ያህል ነው። ጀበና ጥዶ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል፦ ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ፈልቶ እስኪያልቅ ግን ስንት ከሰል ይፈጃል። 77 ኪሎ ውኃ በማገዶ ላትንን ብል መኖው ከማገዶው ይረክሳል።

አሁን ደግሞ መጀመሪያ ብንጨምቀውስ? በጭመቃ እርጥበቱ ከ80 ወደ 65 በመቶ ቢወርድ፣ 100 ኪሎው 57 ኪሎ ይሆናል። በመቶኛ ሲታይ ለውጡ ትንሽ ይመስላል። ግን 43 ኪሎ ውኃ ያለ ምንም ሙቀት ወጥቷል። ፀሐይ የሚቀራት 34 ኪሎ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ የሠራው ጭመቃው ነው። ስለ ማድረቅ የሚያወራ ሰው ሁሉ ስለ ፀሐይ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ገንዘቤን መጭመቂያው ላይ ላውለው ወሰንኩ።

ታኅሣሥ 2

የማድረቂያው አልጋ ተሠራ።

ጅማ ውስጥ ስለ ማድረቂያ ፈጠራ መፍጠር አያስፈልግም። ቡና የሚያደርቅ ሁሉ አልጋ መሥራት ያውቃል። አራት አጣና ይተከላል፣ ወገብ ድረስ ከፍ ይላል፣ ወንፊት ሽቦ ይወጠራል፣ ላዩ ላይ መረብ ይነጠፋል። አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል። መሬት ላይ ሸራ ዘርግቶ ማድረቅ ከታች ያለውን ግማሽ አየር መተው ነው፤ አቧራው፣ ዶሮውና የከብቱ እግር ሳይቆጠር።

መጀመሪያ ያሰብኩት የጎረቤቴን የቡና አልጋ መከራየት ነበር። ጋሼ ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቡናዬ አልጋ ላይ እያለ አተላ ግቢዬ አይገባም» አሉ። ልክ ናቸው። ቡና ሽታ ይስባል። የኮመጠጠ ነገር አጠገቡ ከዋለ ቀማሹ ስኒው ላይ ያገኘዋል። የቡና ሰሞን ደግሞ አሁን ነው። ስለዚህ የራሴን አልጋ ግቢዬ ጀርባ ሠራሁ፤ ነፋሱ ወደ እሳቸው ግቢ በማይወስድበት በኩል። በዚህ ከተማ አተላ ለማድረቅ የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ጎረቤቱ ቡና ያሰጣ እንደሆነ ይይ።

ከአልጋው በላይ በአጣና ቅስት አድርጌ ነጭ ላስቲክ ወጠርኩ። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ናቸው። አንደኛው ጫፍ ዝቅ ያለ ነው፣ ሌላኛው ከፍ ያለ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ በዝቅተኛው ገብቶ እርጥበቱን ይዞ በከፍተኛው ይወጣል። ላስቲኩን ግጥም አድርጎ መዝጋት ሙቀቱን ያበዛዋል፣ ግን እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ላስቲኩ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ተመልሶ አተላው ላይ ይወርዳል። ማድረቂያ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሙቀትና የሚንቀሳቀስ አየር። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

ታኅሣሥ 6

መጭመቂያው መጣ። ሥራው ውስጥ በጣም የወደድኩት ይኼን ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ላስቀምጠው።

የብየዳ ሥራ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ከአንግል ብረት አራት ማዕዘን ፍሬም ሠራልኝ። ቁመቱ እስከ ደረት ነው። ከታች ዙሪያው የተበሳሳ የላሜራ በርሜል ይቀመጣል፤ ግማሽ ላይ የተቆረጠ ነው። በርሜሉ የሚያርፈው ወደ አንድ ጎን ባዘመመ ትሪ ላይ ነው፤ ጭማቂው በትሪው ጠርዝ ወደ ባልዲ ይወርዳል። አተላው በጆንያ ሆኖ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። በላዩ ወፍራም ክብ ጣውላ ይጫናል። በጣውላውና በፍሬሙ የላይኛ ብረት መሐል የመኪና ክሪክ ይቆማል። ከዚያ ክሪኩን ማንሳት ነው። ክሪኩ ላይኛውን ብረት ማንሳት ስለማይችል ጣውላውን ቁልቁል ይገፋዋል።

ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው የክሪኩ ዘይት ነው። አሮጌ ክሪክ ዘይት ያነባል። ያ ዘይት መኖ ውስጥ እንዳይገባ ከክሪኩ ሥር ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ የላሜራ ሳህን አስቀመጥን። ሁለተኛው ጆንያው ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳዳው በላመው አተላ ቶሎ ይደፈናል፣ ኃይል ሲበዛበትም በስፌቱ በኩል ይተረተራል። የቃጫ ጆንያ ግን ያሳልፋል፣ ይችላልም። አሁን የቃጫ ጆንያ እንደ ድሮው በየሱቁ አይገኝም። እኔ ሐሙስ ገበያ ሂርማታ ላይ አሮጌ የቡና ጆንያ አግኝቻለሁ። አጥቦ አፍልቶ መጠቀም ነው።

አጨማመቁ ችኮላ አይወድም። ክሪኩን ትንሽ ከፍ ታደርጊና ትቆሚያለሽ። ጭማቂው መጀመሪያ ድፍርስ፣ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል፤ የጌሾው ሽታ አፍንጫ ይመታል። ቆይቶ ይቀጥናል፣ እየጠራም ይሄዳል። መውረዱ ሲያቆም እንደገና ትንሽ ከፍ ማድረግ። በአንድ ጊዜ ብትጫኚው የዳሩ አተላ ይጠቀጠቅና መሐሉ ያለውን ውኃ ይዘጋበታል።

የአረቄ አውጪዋ እትዬ መጥተው ሥራውን ሲያዩ ቆዩ። «ልጄ፣ ፀሐይ እያለልሽ በክሪክ ምን ያለፋሻል?» አሉኝ። መልሱን በቃል ከምነግራቸው ባልዲውን አሳየኋቸው። ባልዲው እስከ አፉ ሞልቷል። «ይኼ ሁሉ ከዚያች ጆንያ?» አሉ። እትዬ እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከትተው ቂጣ የሆነውን አተላ ቆርሰው፣ ጨብጠው፣ ለቀቁት። እጃቸው ላይ አልተጣበቀም። ጭመቃው ሲበቃው ምልክቱ ይኼ ነው፦ ስትጨብጪው ውኃ አይወርድም፣ ስትለቂው ይፈረካከሳል።

ታኅሣሥ 8

ጭማቂውስ?

ይኼን ጥያቄ ሳልመልስ መቀጠል አልፈለግሁም። ጭማቂው ውኃ ብቻ አይደለም። የሟሟ ፕሮቲን፣ ማዕድንና ቫይታሚን አብሮት ወርዷል። ቦይ ውስጥ ከደፋሁት ያው ወንዙን እየበከልኩ ነው። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ወንዝ ውስጥ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ትልልቆቹ የኢታኖል ፋብሪካዎች ይህንኑ ፈሳሽ አትንነው እንደ ሽሮፕ ካደረጉት በኋላ መልሰው ከደረቁ ጋር ይቀላቅሉታል። እኔ ያን የሚያደርግ ዕቃ የለኝም።

እኔ የማደርገው የተከተፈ የበቆሎ አገዳ ወይም የጤፍ ጭድ በጭማቂው አርሶ በዚያው ቀን ማብላት ነው። ደረቅ ጭድ አንገሽግሿቸው የነበሩት ላሞች ይኼን ገንዳውን ልሰው ነው የሚጨርሱት። አይቀመጥም፣ አያድርም። ከተረፈ የቡና ችግኝ ማዳበሪያ ከማዘጋጅበት ጉድጓድ ይገባል።

ታኅሣሥ 12

ሦስት ዓይነት አዘገጃጀት በአንድ አልጋ ላይ ጎን ለጎን አሰጣሁ። የመጀመሪያው ምንም ያልተጨመቀ አተላ። ሁለተኛው የተጨመቀ። ሦስተኛው ተጨምቆ ፉርሽካ የተቀላቀለበት። ያልተጨመቀውን ያካተትኩት ልዩነቱን በዓይኔ አይቼ ለሌሎችም ለማሳየት ነው። ሁሉም ውፍረታቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

ስለ ፉርሽካው አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ፉርሽካ ውኃውን አይቀንሰውም። ሒሳቡን ብትሠሩት የሚተነነው ውኃ ያው 34 ኪሎ ገደማ ነው። ፉርሽካ የሚሰጠው መንገድ ነው። የላመው አተላ ብቻውን ሲሰጣ ላዩ ይደርቅና እንደ ቅርፊት ይዘጋል። ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል። ፉርሽካው ሲገባበት ግን ይበታተናል፤ አየር በመሐሉ ያልፋል። ቢራ ጠማቂዎች ከገብሱ ገለባ በነፃ የሚያገኙትን እኛ በፉርሽካ ገዝተን እንተካዋለን ማለት ነው። ፉርሽካው ደግሞ አይባክንም፤ ለላሞቹ የምሰጠው መኖ ነው። የተጨመቀውን ከፉርሽካው ጋር አሽቼ በሰፊ ወንፊት አሳለፍኩት። በወንፊቱ ሥር የወረደው ልክ እንደ እንኩሮ ፍርፍር ያለ ነበር።

በፉርሽካ ፋንታ የቡና ገለባ ብቀላቅልስ የሚል ሐሳብ ቀርቦልኛል። ጅማ ላይ የቡና ገለባ ከፉርሽካ ይልቅ ሞልቷል። ግን አይሆንም። የቡና ገለባ ካፌይንና ታኒን አለበት። ታኒን ፕሮቲኑን ይይዘዋል፣ መኖውን ያስጠላቸዋል። ለወተት ላም ደፍሬ አልሰጠውም።

ታኅሣሥ 16

ፉርሽካ የገባበት በሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን እጅ ላይ ኩርሽም ኩርሽም የሚል ሆነ። ተጨምቆ ብቻውን የተሰጣው ዘገየ፤ በየጊዜው እየፈረፈርኩ ስላገላበጥኩት ግን ደረሰ። ያልተጨመቀው ላዩ ተሰነጣጥቆ ደርቆ ይመስላል። ቅርፊቱን በማንኪያ አንስቼ ሳይ ከሥሩ እርጥብ ነው፣ ሽታውም ሆምጣጤ ነው። ከአንዱ ማዕዘን አረንጓዴ ሻጋታ ጀምሯል።

ያን ጥዬዋለሁ። ለከብት አልሰጠሁም፣ ለዶሮም አልሰጠሁም። «ከብት ምን ይሆናል፣ ሆዱ ይችለዋል» የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። የሻጋታ ነገር የምር ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች አለቁ። ተጣርቶ ሲታይ ምክንያቱ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የታወቀው ያኔ ነው። ይህ መርዝ በማፍላትም በማድረቅም አይጠፋም። ሻጋታው ከደረቀ በኋላ ቢራገፍ እንኳ መርዙ መኖው ውስጥ ይቀራል። ላም ከበላችው ቅርጹን ለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይወጣል። ያን ወተት የሚጠጣው የሰው ልጅ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ሕፃን። ስለዚህ ግቢዬ ውስጥ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ ሻጋታ የታየበት ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ሙሉው ስጥ ይጣላል።

ታኅሣሥ 20

ትናንት ገብርኤል ነበር፤ አተላው እንደ ጉድ ነው። አልጋው ሙሉ ነው።

የዕለቱን አሠራር ላስፍር። ስጡን የምገልጠው ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም ነው። የጅማ ሌሊት በዚህ ወር ይቀዘቅዛል፣ ጠዋቱም እርጥብ ነው። ከፀሐይ በፊት የተከፈተ አልጋ ሲደርቅ የዋለውን መልሶ እርጥበት ያጠጣዋል። በቀትር ከላስቲኩ ሥር ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር 50 ዲግሪ አካባቢ ያሳያል። በየሰዓቱ በእንጨት መቧጠጫ አገላብጣለሁ። 11 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ ሳይወጣ ወደ መሐል ሰብስቤ በሸራ እሸፍነዋለሁ።

በምጣድ አምሶ መጨረስ እንደሚቻል የነገሩኝ አሉ። ይቻላል፣ ግን ለመኖ አይመከርም። ብዙ ሙቀት ያገኘ አተላ ይጠቁራል፣ ሽታው ግሩም ይሆናል፤ ፕሮቲኑ ግን ከስኳሩ ጋር ይተሳሰርና ላሟ መፍጨት ያቅታታል። በፋብሪካም ከመጠን በላይ የሞቀ ተረፈ ምርት በጥቁረቱ ይታወቃል። ደህናው ወርቃማ ወደ ቡናማ የሚያደላ ነው። የፀሐይ አልጋ ለዚህ አያሰጋም።

ታኅሣሥ 24

ደርቋል ወይስ አልደረቀም? ይኼ ጥያቄ በእጅ መዳሰስ ብቻ አይመለስም።

የማምነው ሚዛንን ነው። አንድ ትሪ ላይ የተለካ ናሙና አስቀምጬ ከስጡ ጋር አብሮ እንዲደርቅ አደርጋለሁ። ክብደቱ ፀሐያማ ቀን ሙሉ ውሎ ካልቀነሰ ደርቋል። ሌላው መንገድ የጨው ጠርሙስ ነው። እህል ነጋዴዎች በቆሎ የሚፈትኑበት ነው። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና እህሉ ይገባል፣ ተከድኖ በደንብ ይናጣል፣ ከዚያ ትንሽ ይቆያል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ለአተላ ስጠቀምበት ዱቄቱን በወንፊት አራግፌ እንክብሎቹን ብቻ ነው የማስገባው፤ አለዚያ ዱቄቱ ራሱ ይለጠፍና ያሳስታል። የጨው ጠርሙሱ «ገና ነው» ካለ አምነዋለሁ። «ደርቋል» ካለ ግን በሚዛን አረጋግጣለሁ፤ 15 በመቶ ለእኔ ገና ብዙ ነው።

የደረቀው ወዲያው ጆንያ ውስጥ አይገባም። ትኩሱ ከገባ ሲበርድ ላብ ያወጣል። ጥላ ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ከውስጥ ላስቲክ ባለው ከረጢት ገብቶ፣ አፉ ታስሮ፣ ከሲሚንቶው ወለል ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጣል፤ ከግድግዳው ራቅ ብሎ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ዛሬ የደረቀ ነገር በክረምት ሳይጠበቅ እንደደረቀ አይቆይም። በየሳምንቱ እጄን መሐሉ ድረስ አስገብቼ አያለሁ። ሙቀት ካለው ውስጡ እየተበላሸ ነው።

ታኅሣሥ 27

ናሙና ለላቦራቶሪ ሰጠሁ፤ ፕሮቲኑ እንዲለካ። የሚለካው ናይትሮጅኑ ነው፤ እሱ በ6.25 ሲባዛ ፕሮቲኑ ይታወቃል። ይህን ዘዴ በ1883 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል ነው። ይሠራ የነበረው ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ነበር፤ የፈለገውም የቢራ እህል ፕሮቲን ለመለካት ነው። የመጠጥ ሥራ ለመኖ ሥራ ያበረከተው አተላ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ጥር 3

ማብላት ተጀመረ። በአንዲት ላም ነው የጀመርኩት። ጠዋት ግማሽ ኪሎ፣ ማታ ግማሽ ኪሎ፣ ከለመደችው ፉርሽካና ፋጉሎ ጋር ተቀላቅሎ። የመጀመሪያው ቀን አሽታ ፉርሽካውን እየመረጠች በላች፤ የጌሾው ምሬት ሳይሆን አይቀርም። ትንሽ ጨው ውኃ ረጨሁበት። አሁን ገንዳው ላይ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። በቀስታ ወደ ላይ እወጣለሁ እንጂ አልቸኩልም፤ የላም ሆድ አዲስ መኖ ለመልመድ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈልጋል። ሣርና ድርቆሹን አልቀነስኩም። አተላው የፋጉሎውን የተወሰነ ድርሻ ይተካ እንደሆነ ነው የምመለከተው።

የእህል ተረፈ ምርት ሁሉ ፎስፈረሱ ይበዛል፣ ካልሲየሙ ያንሳል። የምትታለብ ላም ደግሞ ካልሲየም በወተቷ ታወጣለች። ስለዚህ ለመኖ የሚሸጠውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት በመጠኑ እጨምራለሁ። ቤት የሚቀባበት የተቃጠለው ኖራ አይደለም፤ እሱ አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል።

ጥር 6

ከወተት ደንበኞቼ አንዱ፣ ሙስሊም አባት ናቸው፣ አልጋውን አይተው ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ላሞችሽ አተላ ይበላሉ እንዴ?»

«አንዷ ትበላለች፣ አባባ። የአረቄ አተላ ነው፤ አረቄው ወጥቶለት፣ ተጨምቆ የደረቀ።»

ነገሩን የሚያውቅ ሰው እንደሚጠይቁ ነገሩኝ። የሃይማኖቱን ጥያቄ የምመልሰው እኔ አይደለሁም። የእኔ ድርሻ የማበላውን አለመደበቅ ነው። እስኪጠይቁ ድረስ የእሳቸው ወተት አተላ ከማትበላዋ ላም ለብቻ በሌላ ጣሳ ይታለባል። ጅማ ውስጥ ወተት የሚሸጥ ሰው ብዙ ደንበኛው ሙስሊም ነው። ይህን ሥራ የሚጀምር ሁሉ ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን በግልጽ ያዘጋጅ።

ጥር 15

ጥምቀት አልፎ ሰፈሩ ተረጋግቷል። አተላ ቀንሷል፣ ጆንያዎቼ ግን ርብራቡ ላይ ናቸው። ላሟ ወተቷ አልጎደለም፤ ፋጉሎው ደግሞ እንደ በፊቱ ቶሎ አላለቀም። ጨመረ ወይ ለሚለኝ፣ በአንዲት ላም ያን ማለት አይቻልም። ሁለተኛዋንም ጨምሬያለሁ።

አሁን ቅር የሚለኝ ማጓጓዙ ነው። ከእትዬ ግቢ እኔ ግቢ ድረስ በባጃጅ የማመጣው አብዛኛው ውኃ ነው። እዚህ ጨምቄ ለዚያ ውኃ የባጃጅ እከፍላለሁ። በደሌን «ሩቅ ነው» ብዬ የተውኩበት ምክንያት እዚሁ ሰፈር ውስጥም አለ፤ መጠኑ ብቻ ነው ያነሰው። መጭመቂያው መቆም ያለበት አረቄው የሚወጣበት ቦታ ነው። እዚያ አተላው ለብ እንዳለ ይጨመቃል። ሞቅ ያለ ፈሳሽ ከቀዝቃዛው ይልቅ ይቀጥናል፤ ጆንያውን ቶሎ ያልፋል። እጅ እንዳያቃጥል መጠበቅ ብቻ ነው።

ጥር 18

ከእትዬ ጋር ተነጋገርን። ገንዘብ አልፈለጉም። የጠየቁት ጭማቂው ለእሳቸው በጎችና ለጥጃቸው እንዲቀር፣ ከደረቀውም ከየአራት ጆንያው አንዱ ለእሳቸው እንዲሆን ነው። ጆንያ ማጠቡና አልጋው ላይ ማገላበጡ የእኔ ነው። ክሪኩን የሚያነሳው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የዘይቱን ሳህን እንዳይረሳ አሳይቼዋለሁ። ፍሬሙን የፊታችን ሰኞ በጋሪ እናዞረዋለን። ከበልግ ዝናብ በፊት ሁለተኛ አልጋ መሥራት አለብኝ፤ አጣናውን ዛሬ አዝዣለሁ።